«ውሻችን የበላው አልረጋ አለው፤ ብንረዳው ሰላታችን ይበላሻል?»

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የተላለፈ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለመጽሔቱ አንባቢያን በሚመች መልኩ የቀረበ)

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «ስንት የኡማው ችግር እያለ ስለ ውሻ ሆድ?» የሚል ሰው እንደሚኖርም አውቃለሁ። ነገሩን ስታዳምጡ ግን ጉዳዩ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ ኢንሻአላህ።

የዒደል አድሐ በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ የዐስርን ሰላት ሰግደን ስንወጣ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ የመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እናቱ የጻፈችውን የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ግቢያቸውን የሚጠብቅ ውሻ አላቸው። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ የበላው አይረጋለትም፤ ውሃ እንኳ ሲጠጣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። ባለቤቷ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ጎረቤቶቿ ከሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ነጃሳ ነው፣ ከአጥር ውጭ ጣሉት» ይላል፤ ገሚሱ «ኃጢአት ነው፣ አትጣሉት፤ ግን አትንኩት» ይላል። እሷ ደግሞ ልብሷን ቢነካት ሰላቷ የሚበላሽ መስሏት ፈርታለች።

ወረቀቱን አንብቤ ቀና ስል ልጁ በራሱ ቃል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ውሃ ብሰጠው አላህ ይቆጣኛል?»

ወላሂ ይህ ጥያቄ አስደነገጠኝ። አንድ ሙስሊም ልጅ ለተጠማ እንስሳ ውሃ በማጠጣቱ አላህ ይቆጣኛል ብሎ ከሰጋ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ስለ ነጃሳ ደጋግመን አስተምረን ስለ ርኅራኄ ዝም ያልነው የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። ለዚህም ነው የዛሬውን ሰዓት ለዚህ ጉዳይ ለመስጠት የወሰንኩት። የሕክምናውን ክፍል በተመለከተ በግምት እንዳልናገር ሁለት የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቄያለሁ።

ነጃሳ የእጥበት ሕግ ነው

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው ሲባል ስለ እጥበት እየተነገረን ነው። የነካው ዕቃ፣ እጅ ወይም ልብስ እንዴት እንደሚጠራ ያስተምረናል። እንስሳውን እንድንጠላው፣ እንድናስርበው ወይም ሲታመም እንድንጥለው የሚያዝ አይደለም። ደም ነጃሳ ነው፤ ነገር ግን የቆሰለ ወንድማችንን ደሙ ይነካናል ብለን አንተወውም። የሕፃን ሽንት ነጃሳ ነው፤ ልጇን ከማቀፍ የታቀበች እናት ግን የለችም። እናግዛለን፣ ከዚያም እንታጠባለን።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድ ሲጓዝ ውሃ ጥም ስለጠናበት አንድ ሰው ነግረውናል። ጉድጓድ አግኝቶ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ አንድ ውሻ ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር ሲልስ አየ። እኔን ያገኘኝ ይህንንም አግኝቶታል ብሎ እንደገና ወረደና ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ አጠጣው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሶሐቦች በእንስሳት ጉዳይም ምንዳ አለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ በሕይወት ላለ ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር ምንዳ እንዳለ ነገሯቸው።

ልብ በሉ! ሰውየው ውሻውን ያጠጣው በገዛ ጫማው ነው። ውሻው ጫማውን ልሷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ታሪክ ሲነግሩን ስለ ሰውየው የተናገሩት ነቀፌታ የለም፤ የነገሩን ስለ ምሕረቱ ነው። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ድመት አስራ ሳትመግባት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ቅጣት ነግረውናል። አንዱ በውሻ ተማረ፣ ሌላይቱ በድመት ተቀጣች። በፊቅህ ድመት ንጹሕ ናት፤ ውሻ ደግሞ የምናውቀው ብይን አለው። የሰዎቹን መጨረሻ የለየው ግን የእንስሳው ጠሃራነት አልነበረም፤ ያደረጉት ሥራ ነበር።

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ያለ ጉዳይ ውሻ ማሳደግ ከምንዳ በየቀኑ የሚቀንስ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ ግን ከዚህ ተለይቷል። ኢማም ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉት) ቤትን ለመጠበቅ ማሳደግም በእነዚህ ተመሳሳይነት የሚፈቀድ መሆኑን ሚዛን የሚደፋው አስተያየት አድርገው ጠቅሰዋል። ስለዚህ ሌባና ጅብ በሚፈራበት ሰፈር ግቢ ለመጠበቅ ውሻ የያዘ ቤተሰብ ሐራም አልሠራም። ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ እንደማይገባ የሚናገረውን ሐዲስ በተመለከተ የተሻለው ጥንቃቄ ውሻው ከመኖሪያው ቤት ሳይገባ፣ ግቢው ውስጥ የራሱ ማደሪያ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

አንዴ ከያዝነው ግን አማና ሆኗል። ታላቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም (በ660 ዓ.ሂ. ያረፉት) «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው ኪታባቸው የእንስሳትን መብት ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ የሚያስፈልገውን ወጪ ማድረግ እንዳለበት አስፍረዋል። አሥር ዓመት ሌሊት ሲጮህልን የኖረ ውሻ ሲታመም ከአጥር ውጭ መጣል ከዚህ ትምህርት ጋር አይሄድም።

የፊቅህ ሊቃውንቶቻችን ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በጉዞ ላይ ያለ ሰው የያዘው ውሃ ለዉዱእ ብቻ የሚበቃ ሆኖ፣ አብሮት ያለ ጉዳት የማያደርስ እንስሳ ከተጠማ፣ ውሃውን ለእንስሳው አጠጥቶ ተየሙም አድርጎ መስገድ ይችላል። ጠባቂ ውሻም በዚህ ውስጥ ይገባል። ወንድሞችና እህቶች፣ የዉዱእን ውሃ ለተጠማ ውሻ የሰጠ ዲን፣ ከቧንቧ የሚቀዳ አንድ ጣሳ ውሃ ይከለክላል ብላችሁ ታስባላችሁን?

ስለ እጥበቱ በግልጽ

አሁን የእህታችንን ፍርሃት እንመልስ።

አንደኛ፣ ውሻን መንካት ዉዱእን አያፈርስም። ነጃሳ የነካው ሰው የነካውን ቦታ ያጥባል እንጂ ዉዱኡን አይደግምም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ነገር ከደረቅ ነገር ጋር ሲነካካ ነጃሳ አይተላለፍም። ደረቅ ቀሚስ ደረቅ የውሻ ፀጉር ቢነካው ማጠብ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ምራቁ፣ ትውከቱ ወይም እርጥብ ገላው ሲነካን መዝሀቦች ይለያያሉ። በሀገራችን በብዛት በሚቀራው በሻፊዒይ መዝሀብ የነካው ቦታ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውሃ ይሆናል። ቆሻሻውን ያስለቀቀው እጥበት እንደ አንድ ይቆጠራል። ትውከቱ ያረፈበት መሬት ራሱ አፈር ከሆነ ሰባት ጊዜ ውሃ ማፍሰስ እንጂ ሌላ አፈር መጨመር አያስፈልግም። በሐነፊይ መዝሀብ ምራቁ ነጃሳ ነው፤ ሦስት ጊዜ ማጠብ ይበቃል፣ ፀጉሩ ግን ነጃሳ አይደለም። በማሊኪይ መዝሀብ ውሻው ራሱ ንጹሕ ነው፤ ዕቃ ማጠቡ የዒባዳ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የተማረበትን መዝሀብ ይያዝ፤ በዚህም ጎረቤት ከጎረቤት አይካሰስ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መላ ግን አለ። ለውሻው ብቻ የሚሆን ሳህንና ማንኪያ ለዩ። ስታስታምሙት አሮጌ ልብስ ልበሱ። እጃችሁን በጓንት፣ ካልተገኘም ቀዳዳ በሌለው ፌስታል ሸፍኑ። ያን ጊዜ ነጃሳው የነካው ፌስታሉን እንጂ እጃችሁን አይደለም። አውልቃችሁ ጣሉት፤ እጃችሁን ለጤና ስትሉ በሳሙና ታጠቡ፤ ወደ ሰላታችሁም ሂዱ።

ከመቅረባችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ

ስለ ምግቡ ከመናገሬ በፊት ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ በገጠር የአንድ ጎረቤታችን ውሻ አፉ ተከፍቶ፣ መንጋጋው ወርዶ፣ ልጋጉ እየተዝረበረበ መጣ። ሊውጥ ይሞክራል፣ አይችልም። ሰዎች «አጥንት ተሰንቅሮበታል» አሉ። አንድ ሩኅሩኅ ወጣት እረኛ አፉን ከፍቶ እጁን እስከ ጉሮሮው ከተተ። አጥንት አላገኘም። በእጁ ላይ ጭረት ነበረበት። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ውሃ ሲቀርብለት መንዘፍዘፍ ጀመረ። ከሳምንት በላይ አልቆየም። አላህ ይዘንለት።

ያ ውሻ የታመመው የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ይህ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስና በመሮጥ ብቻ አይገለጥም። አንዳንዴ ውሻው ዝም ብሎ ይደነዝዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ከጨለማ ጥግ ይደበቃል። የሚያየው ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። ስለዚህ ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም ባለፉት ወራት በሌላ ውሻ የተነከሰ እንስሳ ከሆነ በጭራሽ እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ። ልጆችን አርቁ፣ በሩን ዘግታችሁ በግቢው ለይታችሁ አቆዩት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ።

የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ቢኖር ወዲያውኑ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን እጅግ ብርቅ ነው፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። በቁስሉ ላይ ቅጠል መለጠፍና ቀን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመባቸው ዓላማዎች አንዱ ነው። ርኅራኄ ማለት ራስን ለጥፋት መስጠት አይደለም።

የበላው የማይረጋው ለምንድን ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከሌለ ወደ ሆዱ እንመለስ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ነገር አለ፤ አስተውላችሁ ጠብቁት። ውሻው ሆዱ እየተሸማቀቀ፣ እየታገለ ነው የሚያወጣው? ወይስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሳይታገል የበላውን እንዳለ፣ ሳይፈጭ ይመልሰዋል? የመጀመሪያው የጨጓራና የአንጀት ችግር ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የጉሮሮ ቧንቧ ችግር ነው፤ የተሰነቀረ ነገር ወይም በቧንቧው ግድግዳ ላይ እባጭ የሚያበጅ ትል ሊሆን ይችላል። ይህኛው በቤት አስታማሚነት አይድንም፤ ሐኪም ይፈልጋል።

በእኛ ቤቶች የተለመዱትን ምክንያቶች ልዘርዝር።

የበዓል ትርፍራፊ፦ ስብ፣ ሞራና የተቀቀለ አጥንት። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፤ አንጀትን ይወጋል ወይም ይደፍናል። በአንድ ጊዜ የተበላ ብዙ ስብም ቆሽትን ያስቆጣል።

የወጥ ትርፍራፊ፦ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝነት አላቸው፤ በብዛት ከበላው ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳሉ። በሽንኩርት የተሠራ ወጥ ለእኛ ይጣፍጣል እንጂ ለውሻ አይሆንም።

ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ፦ በዓለም ላይ የተስፋፋው ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በተለይ ቡችሎችን ያጠቃል። ብርቱ ትውከትና ደም የተቀላቀለበት፣ የሚከረፋ ተቅማጥ ያስከትላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይገድላል። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቡችላ በዚህ ከሞተ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ወዲያውኑ እዚያ ግቢ አታስገቡ። ሲሚንቶውንና ሳህኑን መጀመሪያ አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አጽዱበት።

የሆድ ትል፦ ይህም ይበልጥ በቡችሎች ላይ ይታያል፤ ሆዳቸው ይነፋል፣ ትሉ በትውከት ሊወጣ ይችላል።

መርዝ፦ የአይጥ መርዝ፣ የተባይ ማጥፊያ፣ ወይም የሰው መድኃኒት።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እርዳታ

ትልቅ ውሻ ሆኖ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ አስመልሶ፣ ደም ከሌለውና ንቁ ከሆነ እንዲህ አድርጉ።

ምግቡን ለ12 ሰዓት ያህል ከልክሉት። ይህ ማስራብ አይደለም፤ ጨጓራው እንዲያርፍ ነው። ውሃ ግን አትከልክሉት። ነገር ግን ሙሉ ሳህን ካቀረባችሁለት በአንድ ጊዜ ጠጥቶ መልሶ ያወጣዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ማንኪያ ውሃ ብቻ ሳህኑ ላይ አድርጉለት። ለሰው የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ ብታቀርቡለትም ይጠቅመዋል። በግድ በጉሮሮው አታንቆርቁሩበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ትውከቱ ከቆመ በኋላ በብዙ ውሃ ልስልስ ብሎ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ሁለት እጅ፣ ቆዳና ስብ የሌለው፣ አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዶሮ አንድ እጅ ቀላቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ስጡት። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይግባበት። ዶሮ ካልተገኘ ስብ የሌለው የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ ስጡት። ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ ከረጋለት ጨምሩለት። በቀን አንዴ ብዙ ከመስጠት አራት አምስቴ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ሁለት ሦስት ቀን በዚህ ካለፈ በኋላ የለመደውን ምግብ ቀስ በቀስ ቀላቅሉለት።

የማይደረገውም ይታወቅ። የሰው የራስ ምታትና የሕመም ማስታገሻ ክኒን አትስጡት፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። መርዝ የበላ ውሻን ወተት መጋት ወይም ዘይት ማጠጣት መርዙን አያረክስም። የሚቃጠል ነገር፣ ለምሳሌ በረኪና ወይም ጋዝ፣ የጠጣ እንስሳን እንዲያስመልስ ማስገደድ ጉዳቱን ያብሳል። የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ውሃ እንኳ የማይረጋለት ከሆነ፤ በትውከቱ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ካለ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣለት ከሆነ፤ ዓይነ ምድር ካቆመና ሆዱን ሲነኩት ካቃሰተ፤ መቆም ካቃተው፤ ቡችላ ከሆነ፤ ወይም ትውከቱ ከአንድ ቀን ካለፈ አትጠብቁ። ውሃው ከሰውነቱ ማለቁን ለማወቅ የማጅራቱን ቆዳ በስሱ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ። ወዲያው ካልተመለሰና ድዱ ደርቆ ከገረጣ ጊዜ የለም።

በብዙ ወረዳዎች የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ። ባለሙያዎቹ በብዛት የሚያክሙት ከብትና በግ ቢሆንም ውሻ ሲመጣላቸውም ይረዳሉ። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለ። «የውሻ ዋጋ ተከልክሏል፤ ታዲያ ለሕክምናው ገንዘብ መክፈል ይፈቀዳል?» ብሎ የጠየቀኝ ወንድም ነበር። በሐዲስ የተከለከለው ውሻን ሸጦ ዋጋውን መብላት ነው። ለሐኪም የሚከፈለው የሙያ ዋጋ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። እንዲያውም አቅሙ ላለው ሰው ምንዳ የሚያስገኝ ወጪ ነው።

ከሕመሙ በፊት

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምለት። የፓርቮ ክትባት ከስድስትና ከስምንት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ይሰጣል።

ለዑድሒያ ስናርድ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። በበጉ ወይም በበሬው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። በዚያ እባጭ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ትንንሽ ኮሶ ይሆናል። የኮሶው እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅና በአትክልት ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ዒባዳችን ለጎረቤት ሕመም መነሻ መሆን የለበትም።

የልጁ ጥያቄ

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። በዚያ ዐስር ላይ እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ ውሃ ስትሰጠው አላህ ይወድልሃል። በጥቂት በጥቂቱ ስጠው። ለእናትህ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂድ ብለህ ንገራት።» አጎቱ በማግስቱ በባጃጅ ወሰደው። ሐኪሙ አንጀቱ በአጥንት ስንጥር መደፈኑን ነገራቸው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቢመጣ ተስፋ እንደነበረውም ጨምሮ ነገራቸው። ውሻው በዚያው ምሽት ሞተ።

ውድ አድማጮች፣ ያ ሁሉ ቀን ምን ላይ እንደጠፋ አስታውሱ። ነጃሳ ነው፣ አይደለም በሚል የጎረቤት ክርክር ላይ ነው የጠፋው። በዚያ መካከል አንድ ሰው ፌስታል በእጁ አጥልቆ ቢነሳ ኖሮ ክርክሩም ያበቃ ነበር።

ልጁ በጁሙዓ ቀን ተመልሶ መጣ። «ኡስታዝ፣ በማንኪያ ሳጠጣው ነበር። ግን ሞተ። ውሃው በከንቱ ቀረ?» አለኝ።

የጉድጓዱን ሰውዬ ታሪክ ነገርኩት። ከዚያም ጠየቅኩት፦ «ያ ውሻ ከጠጣ በኋላ ምን ሆነ? ዳነ ወይስ ሞተ?» ልጁ አሰበና «አልነገሩንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተነገረንም። የተነገረን ሰውየው እንደተማረ ነው። ምንዳው የተጻፈው ጫማውን ሞልቶ ሲወጣ ባደረገው ነው። የእንስሳው ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ማንኪያው ግን በእኛ እጅ ነው።

ልጆቻችን ስለ ውሻ ሰባት ጊዜ ማጠብን ያውቃሉ፤ ማወቃቸውም ደግ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጉድጓዱን ሰውዬ ታሪክም አብረን እናስተምራቸው። አላህ (ሱ.ወ.) በምድር ላሉት ከሚያዝኑት፣ እሱም ከሚያዝንላቸው ያድርገን። አሚን።